ከጉሮሮ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ አክታ ሲያስቸግር ቤት ውስጥ ምን ይደረጋል?

«ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ነው ተብለናል፣ ምግብም መውረድ ጀምሯል። ግን ይሄ አክታ ሌት ከቀን እረፍት ነሳን። ምን እናድርግ?»

ይህ ጥያቄ ተደጋግሞ ይመጣብኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ እናታቸውን ወይም አባታቸውን የሚያስታምሙ ልጆች ናቸው፤ ከአርሲም፣ ከባሌም፣ ከአዲስ አበባም ይደውላሉ። አባባ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ቀዶ ሕክምና (ብዙ ሰው የጉሮሮ ካንሰር የሚለው ነው) ካደረጉ በኋላ ያስታመምኳቸው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ የምነግረውን እዚህ በተራ ጽፌዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሞቹና ነርሶቹ የመከሩንን፣ እኛም ቤት ውስጥ በየቀኑ ስንሠራው የቆየነውን ነው የምነግራችሁ። የእናንተ ሐኪም የተለየ ነገር ካዘዘ የእሱን ስሙ።

አክታው ከየት ነው የሚመጣው?

ይህን ካልተረዳችሁ የሚቀጥሉት ደረጃዎች ትርጉም አይሰጧችሁም። በቀዶ ሕክምናው የታመመው ቧንቧ ይወጣል። ጨጓራው እንደ ቱቦ ተሰፍቶ ወደ ላይ ይሳብና ከቀረው ቧንቧ ጋር ደረት ውስጥ ወይም አንገት ላይ ይገጠማል። የጨጓራን አፍ ዘግቶ የሚይዘው ጡንቻ አብሮ ስለሚወጣ፣ ጨጓራ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ላይ ለመመለስ የሚያግደው የለም። ጨጓራን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭም ስለሚቆረጥ ምግቡ ቶሎ ወደ አንጀት አይወርድም።

ሌላው ደግሞ ምራቅ ነው። ሰው በቀን ወደ 1 ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ምራቅ ያመነጫል። ጤነኛ ሰው ሳያስበው ስለሚውጠው አያውቀውም። መዋጥ ሲዘገይ ግን ያው የድሮው ምራቅ ጉሮሮ ላይ ይቆማል፣ ይወፍራል፣ ይለጠፋል። «አክታ በዛ» የምንለው ብዙ ጊዜ አዲስ የመጣ ነገር ሳይሆን መውረድ ያቃተው ምራቅ ወይም ከታች የተመለሰ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ለማድረቅ አትሩጡ። ቀጭን አድርጉት፣ እንዲወርድ አግዙት፣ ከታች የሚመጣው እንዳይመጣ አድርጉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚህ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ እነዚህ ካሉ ቤት አትቆዩ

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ፦

- ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ወይም ብርድ ብርድ ማለት
- አዲስ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር
- ከአንገቱ ቁስል ምራቅ፣ ምግብ ወይም መግል መውጣት (በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፤ ስፌቱ አፍስሶ ሊሆን ይችላል)
- ምራቅ እንኳ አልወርድ ማለት
- ደም ያለው፣ ወይም አረንጓዴና የሚሸት አክታ
- ውሃ በጠጡ ቁጥር ትን ማለት፣ በተለይ ድምፅም ከጎረነነ

የመጨረሻውን ብዙ ሰው ያልፈዋል። ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ቀዶ ሕክምናው ከሚሠራበት ቦታ አጠገብ ነው የሚያልፈው። እሱ ከተጎዳ ውሃውም ምራቁም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በአፍ ምንም እንዳይወስዱ የተባሉ ሰዎችም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ የመጠጥና የምግብ ደረጃዎቹን ይዝለሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተርና እስክሪብቶ
- ቴርሞሜትር
- ጨው እና ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም! ሱቅ ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚሰጧችሁ የኬክ ማቦኪያውን ነው፤ ማሸጊያውን አንብቡ)
- የፈላ ውሃ ማስቀመጫ ንጹሕ ጠርሙስ
- ክዳን ያለው ኩባያ፣ ሶፍት፣ በረኪና
- የሻይ ማንኪያ፣ ትንሽ ሳህን
- 2 ብሎኬት እና 2 ወፍራም ቁራጭ ጣውላ፣ ለአልጋው
- ጠንከር ያለች ትንሽ ትራስ

ደረጃ 1፦ ለ3 ቀን ጻፉ

አክታው ሲመጣ ሰዓቱን፣ መልኩን፣ ጣዕሙንና ከዚያ በፊት የተበላውን ጻፉ። ነገሩ ይህን ያህል ጥቅም አለው ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ከሁሉም በላይ የረዳን ግን ይሄ ደብተር ነው።

ነጭና አረፋ የሚመስል፣ የሚዝለገለግ ከሆነ ምራቅ ነው። ምግብ ሲበላ የሚብስ ከሆነ ደግሞ የተሰፋው ቦታ ጠቦ ሊሆን ይችላል። ጎምዛዛ ወይም መራራ ቢጫ ከሆነ፣ በተለይ ሌሊትና ማለዳ የሚመጣ ከሆነ፣ ከታች የተመለሰ አሲድ ወይም ሐሞት ነው። ከሳል ጋር ከደረት የሚወጣ ከሆነ የሳንባ ነው፤ ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው ደግሞ የቲቢ ምርመራ መጠየቅ አለባችሁ። ሁሉም በቀዶ ሕክምናው አይመካኝም።

የአባባ ደብተር ላይ ከ10 ጊዜ 7ቱ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ነበር። እራት የሚበሉት ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ከዜና በኋላ። ችግሩ ያለው እዚያ ላይ እንደሆነ በዓይናችን አየነው።

ደረጃ 2፦ ጉሮሮውን ማጠብ

1 ሊትር ውሃ አፍሉና ለብ እስኪል አብርዱት። 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምራችሁ በደንብ በጥብጡ። ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት፣ ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት አንድ ሁለት ጉንጭ ይዞ መጉመጥመጥና መትፋት ነው። አንገትን ወደ ኋላ ብዙ አትለጥጡ፤ ትን የሚላቸው ሰዎች አፍ ብቻ ይጉመጥመጡ።

ለምን? የተለጠፈው ለሃጭ በባዶ ውሃ ቶሎ አይለቅም፣ በዚህ ግን ይላላል። ከምግብ በፊት ማድረጉ ዋናው ነው። ለሃጭ ባለበት ላይ ምግብ ሲጨመር ሁለቱ ተያይዘው ስለሚቆሙ ማስመለስ ይመጣል። ውህዱን አትዋጡት፣ በተለይ ደም ግፊት ያለበት ሰው። የተረፈውን ማታ ድፉት፣ በማግሥቱ አዲስ ሥሩ።

ደረጃ 3፦ ውሃ፣ ግን በጊዜው

ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ምራቅ እንደ ሙጫ ይሆናል። ሐኪሙ ፈሳሽ ካልከለከለ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ፣ ጉንጭ ጉንጭ እያሉ መጠጣት ነው። እኛ ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሞልተን ከአጠገባቸው እናስቀምጥ ነበር፣ በቀን ሦስቴ ባዶ መሆን ነበረበት። በሆድ በኩል የመመገቢያ ቱቦ ያላቸው ሰዎች በቱቦው የሚሰጠውም ውሃ ይቆጠራል።

ከምግብ ጋር ግን ብዙ አትጠጡ። ጨጓራው አሁን ጠባብ ቱቦ ነው። ምግብም ውሃም አንድ ላይ ሲገባ ሞልቶ ወደ ላይ ይመለሳል። ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም 30 ደቂቃ በኋላ ጠጡ።

ለብ ያለ ውሃና ቀጭን ሻይ ይሻላል። ለስላሳና አምቦ ውሃ ጋዙ ግሳት ያመጣል፣ ግሳቱ ደግሞ አሲዱን ይዞ ይወጣል። «ለአክታ ጥሩ ነው» ተብሎ ማር በብዛት የተጨመረበት ሻይም ተጠንቀቁ። ጣፋጭ ነገር በፍጥነት አንጀት ሲደርስ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ራስ ያዞራል። ትንሽ ማር ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም።

ደረጃ 4፦ አመጋገቡን ቀይሩ

በቀን 3 ጊዜ መብላት ቀርቷል። ከ6 እስከ 8 ጊዜ፣ በትንሽ ሳህን። በየጉርሻው በደንብ ማኘክ፣ እስኪወርድ መጠበቅ፣ ከዚያ ሌላ። 20 ወይም 30 ደቂቃ ይፍጅ፣ አታጣድፏቸው። እባካችሁ «ይህቺን ብቻ፣ በሞቴ» ብላችሁ አታጉርሱ። ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ፣ አባባም እኔን ላለማስቀየም ውጠው ሌሊቱን ሙሉ ሲያክቱ አደሩ።

ከምግብ በኋላ ቢያንስ ለ1 ሰዓት ቀጥ ብሎ መቀመጥ ወይም በቀስታ መራመድ ያስፈልጋል። አሁን ምግቡን ወደ ታች የሚወስደው በዋናነት የራሱ ክብደት ነው፤ ከተጋደሙ ባለበት ይቆማል።

ምን ይብሉ? የአጃ አጥሚት፣ ለስላሳ ገንፎ (ያለ በርበሬ)፣ አልጫ ሽሮ፣ በደንብ የተፈተፈተ ስስ እንጀራ፣ የተፈጨ ድንች፣ እንቁላል፣ የተፈጨ ምስር። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚ፣ ብዙ ቅቤና ዘይት ያለበት ወጥ፣ ቡናና አልኮል ለጊዜው ይቆዩ። የሚያቃጥለው ጉሮሮውን ያስቆጣል፣ የተቆጣ ጉሮሮ ራሱን ለመከላከል ሌላ ለሃጭ ያመነጫል። ቅባቱ ደግሞ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል። ፌጦ በሎሚም እዚህ ውስጥ ነው። ለጉንፋን የለመድነው መድኃኒት ቢሆንም አዲስ የተሰፋ ቦታ ላይ እሳት ነው።

ተልባና አብሽ ላይ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ሁለቱም ተፈጥሯቸው የሚዝለገለግ ስለሆነ አፍና ጉሮሮ ላይ ይለብጣሉ። አባባን አልተስማማቸውም። ለሌላው ሊስማማው ስለሚችል ሞክራችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉ።

ወተትስ? ወተት አክታ አያመርትም። ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል ግን ወፈር ያለ ስሜት ይሰጣል፣ ሰውም አክታ የጨመረ ይመስለዋል። እየከሱ ያሉ ሰዎችን ወተት አትከልክሏቸው፤ ከጠጡ በኋላ አፋቸውን በደረጃ 2 ውሃ ይታጠቡ። ሆድ የሚነፋና የሚያስቀምጥ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ተኩለት።

ደረጃ 5፦ አልጋውን ከፍ አድርጉ

አንድ ነገር ብቻ የማድረግ አቅም ካላችሁ ይህን አድርጉ።

የራስጌውን ሁለት እግሮች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። በእያንዳንዱ እግር ሥር አንድ ብሎኬት አስተኝታችሁ፣ ላዩ ላይ ጣውላ አድርጋችሁ፣ የአልጋውን እግር ጣውላው ላይ አሳርፉ። ጣውላው ካልተደረገ እግሩ ብሎኬቱ ቀዳዳ ውስጥ ሊገባ ወይም ብሎኬቱን ሊሰብረው ይችላል። ከዚያ ሁለት ሰው ሆናችሁ ነቅንቁት። የሚወዛወዝ ከሆነ አታስተኟቸው።

ትራስ መደራረብ ለምን አይበቃም? ትራስ ጭንቅላትና አንገትን ብቻ ነው የሚያነሳው። ወገብ ላይ እጥፍ ስለሚያደርግ ሆድን ይጫናል፣ ፈሳሹንም ወደ ላይ ይገፋል። ከወገብ በላይ ያለው አካል በሙሉ ተዳፋት ላይ መሆን አለበት። መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተው የሚተኙ ከሆነ ከፍራሹ ሥር፣ ከወገብ ጀምሮ ወደ ራስጌ እያደገ እንዲሄድ ጠንካራ ነገር አስገቡ። ወደ ታች የሚንሸራተቱ ከሆነ ከጉልበታቸው ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ይያዝላቸው። እንዲህ ያለው አተኛኘት የዕድሜ ልክ ነው፤ ጡንቻው ተመልሶ አይመጣም።

የመጨረሻው ምግብ ከመኝታ ቢያንስ 3 ሰዓት ይቅደም። 4 ቢሆን ይሻላል። የአባባን እራት ወደ ምሽቱ 12 ሰዓት ስናመጣውና አልጋውን ስናነሳው፣ በሳምንት ውስጥ ሌሊት መነሳታቸው ከ4 ጊዜ ወደ 1 ወረደ።

ቀን ላይም ከምግብ በኋላ ማጎንበስ ያው ነው። ጫማ ማሠር፣ ልብስ ማጠብ፣ ስግደት፣ ሱጁድ። ከምግብ በፊት ይሁን፣ ወይም ከነፍስ አባታችሁ ወይም ከኢማማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ተቀምጠው ይጸልዩ።

ደረጃ 6፦ አክታውን ሳይታገሉ ማውጣት

«እህ፣ እህ» እያሉ ጉሮሮን መጥረግ ለጊዜው ደስ ይላል። ግን ድምፅ ሰጪውን ክፍል ያቆስለዋል፣ እሱም ሲቆስል ለሃጩ ይጨምራል፣ ለሃጩ ሲጨምር ደግሞ እንደገና «እህ» ይመጣል። በዚህ ፈንታ፦

1. ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ እግር መሬት ይንካ።
2. ትራሷን የቀዶ ሕክምናው ቁስል ላይ ጠበቅ አድርገው ይያዙ። ሕመሙን ይቀንሳል፤ ሕመም የሚፈራ ሰው በደንብ አይተነፍስም።
3. በአፍንጫ በቀስታ መካከለኛ ትንፋሽ ይሳቡና 2 ወይም 3 ሰከንድ ይያዙ።
4. አፍን ከፍተው «ሃህ» ብለው ያውጡት፣ መነጽር ለመጥረግ እንደምንተነፍስበት።
5. ሁለት ሦስቴ ይድገሙና ከላይ ሲደርስ አንዴ ስለው ይትፉት።

ከዚያ ጉንጭ ውሃ። ይህን ጠዋትና ከሰዓት በኋላ አድርጉ፣ ከምግብ በኋላ ግን ወዲያው አይሁን። ካዞራቸው አሳርፏቸው።

የሚተፉት ክዳን ባለው ኩባያ ይሁን። መጸዳጃ ቤት ደፍታችሁ ኩባያውን በበረኪና እጠቡት። አባባ ሰው ፊት መትፋት አፍረው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትተው ነበር። በኪሳቸው ሶፍትና ትንሽ ክዳን ያላት ኩባያ ስናስይዛቸው ተመለሱ።

ደረጃ 7፦ አየሩ

የከሰል ጭስ፣ የማገዶ ጭስ፣ እጣን፣ ሲጋራ፣ ጠንካራ ሽቶ ከአጠገባቸው ይራቁ። ቡና የሚፈላ ከሆነ በሌላ ክፍል ወይም ደጅ ይፈላ፣ እጣኑም ይቅር። ጉሮሮ ጭስ ሲነካው ለሃጭ ማምረት ሥራው ነው። አየሩ ደረቅ በሆነበት ወቅት ክፍሉ ውስጥ እርጥብ ፎጣ ስቀሉ።

ብርድ ልብስ ተከናንቦ የፈላ ድስት ላይ መታጠን አልመክርም። አቅም ያነሰው ሰው ሊያዞረውና ሊቃጠል ይችላል። ትኩስ ውሃ ያለበት ኩባያ በእጅ ይዞ፣ ራቅ አድርጎ እንፋሎቱን ለ5 ደቂቃ መሳብ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ መድኃኒቱን በትክክል መውሰድ

ለብዙዎቹ ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ እንክብል) ይታዘዛል። ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት ነው የሚወሰደው፤ ከተበላ በኋላ ሲወሰድ በደንብ አይሠራም። እንክብሉ አልወርድ ካለ ፋርማሲስቱን ጠይቁና ተከፍቶ ውስጡ ያሉት ፍሬዎች ለስላሳ ነገር ላይ ተነስንሰው ሊዋጡ ይችላሉ፣ ግን ፍሬዎቹ አይፈጩም፣ አይታኘኩም። የተሸፈኑት አሲድ እንዳያጠፋቸው ነው።

ኦሜፕራዞል አሲድ ይቀንሳል እንጂ ሐሞት አይከለክልም። መድኃኒቱን እየወሰዱ መራራው ቢጫ ከቀጠለ «አልሠራም» ብላችሁ አታቋርጡ፣ ለሐኪሙ ንገሩ። ለሐሞቱና ጨጓራው ቶሎ እንዲያወርድ ሌላ የሚታዘዝ መድኃኒት አለ፤ ግን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ።

ሌሊት ድንገት ሲነቁ

ጉሮሯቸው በመራራ ፈሳሽ ተሞልቶ ከነቁ ወዲያው አስቀምጧቸው፣ ወደ ፊት ትንሽ ይዘንበሉና ይትፉ። ሳሉን አታስቁሙ፣ ሳንባቸውን እየጠበቀ ያለው እሱ ነው። ውሃ ቶሎ አትስጡ፤ ትንፋሻቸው ሲረጋጋ አፋቸውን ያጥቡ፣ ከዚያ ጉንጭ ይጠጡ። ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ተቀምጠው ይቆዩ። ለቀጣዮቹ 2 ቀናት ትኩሳት ለኩ። ወደ ሳንባ የገባ ነገር ካለ የሳንባ ምች የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው።

ተደጋግመው የማያቸው ስህተቶች

- የጉንፋን ወይም የአለርጂ ኪኒን (ክሎርፌኒራሚንን የመሰለ) ገዝቶ ማድረቅ። እኛም አድርገነዋል። አክታው አልቀነሰም፣ እንደ ሙጫ ሆኖ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ሁለት ቀን አሰቃያቸው።
- አንቲባዮቲክ ያለ ምርመራ መጀመር። ነጭ አረፋማ ለሃጭ ኢንፌክሽን አይደለም።
- አክታ ይቀንሳል ብሎ ውሃ መቀነስ።
- «ምግብ ይገፋዋል» ብሎ በተያዘ ጉሮሮ ላይ ደረቅ ዳቦ ማጉረስ። ከጠበበ ቦታ ላይ ይቀረቀራል።
- ትንሽ ሲሻል ብሎኬቱን ማንሳት።

ቀጠሮ ላይ ምን ትላላችሁ?

«አክታ በዛባቸው» ብቻ ካላችሁ ሽሮፕ ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱና በቁጥር ተናገሩ፦ በሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ፣ መልኩ ምንድን ነው፣ ምን ዓይነት ምግብ ይያዛል፣ በወር ስንት ኪሎ ቀነሱ። ባለፈው ወር ይወርድ የነበረው እንጀራ ዛሬ ካልወረደ፣ ወይም አጥሚት ብቻ ከቀረ፣ ይህንን በግልጽ ተናገሩና «የተሰፋው ቦታ ጠቦ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። መጥበብ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ የተለመደ ነው፤ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ይታያል፣ በዚያው ሰፋ ይደረጋል። አንዳንዴ አንድ ጊዜ ስለማይበቃ በየሳምንታቱ መደገም አለበት። አባባ ሦስት ጊዜ የጠበበው ተከፍቶላቸዋል፤ ከመጀመሪያው በኋላ በዚያው ቀን ማታ ምራቃቸውን ሳይተፉ አመሹ።